የእታፈራሁ ደም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ንስሐ ስገባ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በድንበር የተጣላሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም። ምናልባት ለማያውቀኝ ሰው መናገር ይቀለኝ ይሆናል።

እታፈራሁ ታናሽ እህቴ ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን እህል ማለት ገብስ ነው፤ እንጀራውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም። እሷ ደግሞ በበላች ቁጥር ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል። ለአቅመ ሔዋን ደርሳ እንኳ ክንዷ የሕፃን ክንድ ይመስል ነበር። ጠበሉም አልሆን ሲል ከተማ ሆስፒታል ወሰድኳት።

እታፈራሁ ደጅ አግዳሚው ላይ ጋደም ብላ ሳለ ሐኪሟ ለእኔ አስረዳችኝ። ገብስና ስንዴ አንጀታቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ በሽታው ሴሊያክ ይባላል፤ በደም ይመረመራል። እሱ ከሆነ ዕድሜ ልኳን ገብስና ስንዴ መቅመስ የለባትም። መመርመሪያው ግን ያኔ አልነበረም፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አለችኝ።

«እስከዚያ እንደወትሮዋ ትብላ» አለች። «ካቆመች በሽታው ቢኖርባትም ደሟ ላይ ላይታይ ይችላል። አደራ።»

ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

በዚያ ሰሞን እታፈራሁ በጓሳ በኩል ላለ ቤት ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ፊት ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ገብስ የማትበላ ሙሽራ ማን ይወስዳል? ቃሌ ሊታጠፍ፣ መንደሩ ሊሳለቅብኝ ነው። ያሰብኩት ይህንን ነው። እሷን አላሰብኳትም።

ቤት እንደገባን «ሐኪሟ ከገብስም ከስንዴም ራቂ ብላለች» አልኳት። ጤፍ ከገበያ አመጣሁላት። ጾሙን በሙሉ የጤፍ እንጀራና ድንች በላች። ፊቷ ሞላ፣ ውሃ ቀድታ መመለስ ቻለች። «ጋሼ፣ የዳንኩ መሰለኝ» ትለኝ ነበር። እኔም በደስታዋ ደስ አለኝ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተመለስን። ደሟ ሲቀዳ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች፤ እኔና ሐኪሟ በሩ ላይ ቆመናል።

«ገብሱን ስትበላ ነበር አይደል?»

«እንደወትሮዋ» አልኩ።

ውጤቱ መጣ፤ ሴሊያክ አልተገኘባትም። ለእታፈራሁ ድነሻል፣ እንግዲህ ያገኘሽውን ብዪ አልኳት። አመነችኝ። ተዳረች።

ብዙም ሳይቆይ መታመሟ ተሰማ፤ ፅንስም ወርዶባታል። ልጠይቃት ሄድኩ። መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ከፊት ለፊቷ የተበጠበጠ በሶ በጣሳ ተቀምጧል። አማቷ ወይዘሮ አስካለ አጠገቧ ነበሩ።

«እስቲ አንተ ምከራት» አሉኝ። «እኛማ እህላችንን የናቀችብን መስሎናል። ሐኪም ደህና ነሽ ያላት ሰው እንዴት እህል እንቢ ትላለች?»

እታፈራሁ ቀና ብላ አየችኝ። እንድናገርላት ነበር የምትጠብቀው። ያኔ እውነቱን ብናገር ጋብቻው ይፈርስ ይሆናል፤ እኔም ውሸታም እባላለሁ። እሷ ግን ከዚያ ቤት ትወጣ ነበር። መውጫዋ እኔ ነበርኩ።

«ጠጪ እንጂ» አልኳት። «ደምሽ ንጹህ ነው ተብሏል።»

ጣሳውን አንስታ ጠጣች። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል እስከ አተላው ጠጣችው። የመጀመሪያውን ውሸት ፈርቼ ዋሸሁት እንበል። ይህንንስ ምን እለዋለሁ? እጄ ጣሳውን አልያዘም እንጂ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።

ሁለተኛም ፅንስ ወረደባት። በመጨረሻ የባሏ ቤተሰቦች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ አድርሰዋት፣ እኔ ተቀብዬ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሆስፒታሉ ሌላ ሐኪም መድቦ ነበር፤ እሱም ደሟን እንደገና አስመረመረ። አሁን ገብሱን ስትበላ ከርማለችና ሴሊያክ መሆኑ ታወቀ።

«በፊት ስትመረመር እህሉን አቁማ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላስታውስም» አልኩት።

አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ባሏ ሌላ አግብቷል። ጤፍና ድንቿን እየበላች አካሏ ተመልሷል፤ የጎረቤት ሕፃን ስታቅፍ ግን አላያትም፣ ወደ በጎቹ እወጣለሁ። ለጠየቃት ሁሉ «ያኔ ደሜ ዋሸኝ እንጂ ጋሼማ ምን ያላደረገልኝ አለ» ትላለች። ማታ ማታ እግዜር ዕድሜ እንዲሰጠኝ ስትጸልይ እሰማታለሁ።

ደሟ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ብነግራት የት ትሄዳለች? ከእኔ ቤት ሌላ ቤት የላትም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ፤ ለእሷ ያዘንኩ ይመስል። ማዘን አይደለም፣ ያው የድሮው ፍርሃቴ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ የምታመሰግነውን ወንድሟን እንጂ ይቅር የምትለውን ሰው ገና አታውቀውም።