አባቴን ያሰማኛል ያልሁት ስፒከር

ያን ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሁለት ጥንድ የኮምፒውተር ስፒከር ተሸክሜ ገባሁ። ባለሱቁ «ሞክረህ የማትወደውን መልስ» ብሎኝ ነበር። አንዱ አዲስ የቻይና ነው፤ ከጭብጥ የማይበልጥ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋውም ለመምህር ደመወዝ የማይከብድ። ሌላው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ነው፤ ፀሐይ አወይቦታል፣ ክብደቱ ግን የድንጋይ ነው።

ዘፈን ልሰማበት አልነበረም። አባቴ ፈረስ ቤት አጠገብ ባለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ከፋሲካ ወዲህ ታመው ተኝተዋል። ደህና ሳሉ በስልኬ የቀዳሁት ዜማቸው ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ ኮምፒውተሬ ግን ያን ወፍራም ድምፅ የትንኝ ያደርገዋል። መጨረሻ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ «አደራ ልጄ፣ አፈር ሳታለብሰኝ እንዳትቀር» አሉኝ። ማልሁላቸው። ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ። ከጧት ጀምሮ የሚያስታምማቸው ወንድሜ ስልክ አያነሳም፤ ኔትወርክ ነው አልሁ። ያኔ ሁሉን ነገር በኔትወርክ እናሳብብ ነበር።

ከምሳ በኋላ ጓደኛዬ፣ የፊዚክሱ መምህር፣ ሊያግዘኝ መጣ። አዲሱን ሰካነው። ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን አባቴ ዝቅ ሲሉ ድምፃቸው ይጠፋል፣ ከፍ ሲሉ ይሰነጠቃል። አሮጌውን ስንሰካ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ተሰማ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ወዲያው ስፒከሩ «ትርርር፣ ትርርር» አለ። እንዲህ ያለ አሮጌ ስፒከር አጠገቡ ያለ ሞባይል ሊጠራ ሲል ቀድሞ ያጉረመርማል። የኔን ስልክ አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሏል። ጓደኛዬ ከኪሱ ድምፁ የጠፋ ስልክ አውጥቶ እየተጣደፈ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ምነው?»

«ኧረ ምንም፣ ከቤት ነው።»

ዜማውን ከመጀመሪያ አስጀመርሁት። ትርርር። ደግሞ ወጣ። ደሜ ፈላ። «የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነው ወይስ ሴት ናት እንዲህ የምታሯሩጥህ? ወይ አግባት ወይ ስልኩን ዝጋው!» አልሁት። አልሳቀም። ስልኩን ዘጋው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዜማውን እንደገና ከመጀመሪያ ሳስጀምር፣ ክፍሌን ረግጠው የማያውቁት አዛውንቱ የቤት አከራዬ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በእሳቸውም ኪስ ባለው ስልክ ስፒከሩ ትርርር አለ። «እርስዎም ጀመሩ?» ብዬ ሳቅሁ። መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ይሄ ዕቃ በሽታ አለበት» አልሁና ነቅዬ ለመመለስ ጠቀለልሁት።

«ግድ የለም። ማታ ከእኛ ጋር እራት ትበላለህ» አሉኝ አከራዬ። ልጠይቅ ፈለግሁ፤ ፈራሁ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የቆሙት ብዙ ናቸው፤ ጓደኛዬና አከራዬ ከፊት። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ነው የሚያረዳው። አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ። ጮህሁ፤ ከዚያም «መኪና ጥሩልኝ፣ አፈር አለብሳለሁ ብዬ ምዬላቸዋለሁ!» አልሁ።

አከራዬ ክንዴን ያዙ። «ትናንት ጧት ነው ያረፉት። ስልኩ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፣ ለቀብሩ አይደርስም አልን። ለብቻህ ደንግጠህ መንገድ እንዳትወጣ ብለን ነው። ወንድምህም ይሄው ይሻላል አለ።»

«ይጠብቁኝ ነበር! መቼ ተቀበሩ?»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት።»

በዘጠኝ ሰዓት እኔ ዜማቸውን ከመጀመሪያ እያስጀመርሁ ነበር። ሁለቱም አጠገቤ ተቀምጠው ያውቁ ነበር።