የኛን ሀገር ብቻ አትስጥ

አዲስ ኖራ በተቀባ ግድግዳ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እርጥቡ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቡሬ ያደርሰኛል። ባለፈው ሳምንት የኮሌጃችን አንድ ክፍል ሲቀባ እንዲሁ ሆንኩና መጽሐፌን ደረቴ ላይ አቅፌ ጥቂት ቆምኩ። በዚያው ሰሞን መምህራችን «ሰባት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት መንግሥት በራሱ ገንዘብ ትምህርት ቤት ይክፈት ወይስ አይክፈት?» የሚል የክርክር ርእስ ሰጥተውን፣ እኔ «ይክፈት» ከሚሉት ወገን ተመድቤ ነበር። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደመሆኔ በደንብ ለመዘጋጀት ብዙ አነበብኩ፤ ነገር ግን ሽታው ከንባቤ ሁሉ ቀድሞ ያመጣብኝን ነገር መጻፍ የሚሻል መሰለኝ።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፈር ከሠራ በኋላ አባቴ ዱር ገባ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «አባይን ተሻግሮ ለንግድ ወለጋ ወርዷል» ትል ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ታደለ ግን አባታችን አልፎ አልፎ ከመሸ በኋላ በጓሮ በኩል ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ራሳችንን ዳብሶ፣ ሳይነጋ እንደሚወጣ እናውቅ ነበር፤ ሲመጣ ውሻችን እንኳ አይጮህም፣ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለው ነበር እንጂ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የቀበሌያችን ጭቃ ሹም ከደጃችን ቆሞ፣ ከጣሊያን ሰፈር አጠገብ የሕፃናት ትምህርት ቤት መከፈቱን ነገረን።

«አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይላክ ተብሏል። መንግሥት ያስተምራል፣ መንግሥት ያበላል፤ ከናንተ ምንም አይፈለግም።»

«ምንም አይፈለግም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም ማለት ምንም ነው፣ እመቤት።»

ይህ «ምንም» የሚሉት ነገር እናቴን እንቅልፍ ነሳት። እስከዚያ ድረስ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የኔታ ዘንድ ነበር፤ ወላጅም እህሉን ሲያስገባ ለየኔታ ጤፍ እየሰፈረ፣ እንጨት እያሸከመ ይልክ ነበርና፣ የኔታን የሚያበላው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እናቴ እኔን አስከትላ ምክር ልትጠይቃቸው ሄደች። የኔታ ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ያዝ አድርገው፣ «ለሰው ልጅ ቀለብ የሚቆርጥ፣ ወይ ልጁን ወዶ ነው፣ ወይ የልጁን ቤት ፈልጎ» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል የኔታ? ባልልክ ‹ይቺ ቤት ምን ትደብቃለች?› ይሉኛል። ብልክ ደግሞ የልጅ አፍ ክዳን የለው።»

«ላኪያቸው። አፋቸውን ግን አንቺው ዘንድ አስቀሪው።»

እንዲህ ሆኖ ሄድን። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤቱን ወደድኩት። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ያበራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ትርጉሙን የማናውቀውን መዝሙር ከዘመርን በኋላ፣ በቆርቆሮ ኩባያ ወተትና አንዳንድ ደረቅ ብስኩት ይታደለን ነበር። ፊት ለፊት ትልልቅ ሕንፃዎች ያሉበት ሥዕል ተሰቅሎ፣ መምህሩ በበትር እየነካ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል፣ እኛ ጣሪያው እስኪርገበገብ «ሮማ!» እያልን እንጮህ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ የተማርነው ዋናው ነገር ይኸው ይመስለኛል።

መምህሩ ካኪ የሚለብስ፣ ለጣሊያኖቹም የሚያስተረጉም ወጣት ያገር ሰው ነበር። የየት አገር ተወላጅ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም፤ እሱ ግን ጨዋታችንን ሁሉ ያውቅ ነበር። ወተቱን ስንጨርስ ክብ አስቀምጦን «እንቆቅልሽ!» ሲል፣ እኛም «ምን አውቅልዎ!» እንል ነበር። መልሱ የጠፋበት ልጅ በጨዋታው ወግ መሠረት ሀገር ይሰጣል፤ ሀገሩን የተቀበለው ደግሞ በተሸናፊው ላይ ፎክሮበት መልሱን ይነግረዋል።

የጤፍ አጨዳ በተጀመረ ሰሞን መምህሩ፣ «ቀን ዱር የሚተኛ፣ ማታ ደጅ የሚመጣ?» ሲል የጎረቤታችን ልጅ የሺ ብድግ ብላ «አጎቴ!» አለች። መልሱ ጅብ ነበር። ሁላችንም ሳቅን፣ መምህሩም ስቆ አንድ ብስኩት ጨመረላት። ያ ሳምንት ሳያልቅ ወታደሮች የነየሺን ቤት ከበው አጎቷን ከነጠመንጃው ያዙት፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። አንዳንዱ «ነገሩ ከትምህርት ቤቱ ነው የወጣ» ሲል፣ ሌላው «በመሬቱ የሚቀና ጎረቤት ነው ያስያዘው» ይል ነበር። የሺ ግን ቤተሰቦቿ አስቀሯት፤ በማግሥቱም ጭቃ ሹሙ ለምን እንደቀረች ሊጠይቅ መጣ።

እናቴ ይህን አይታ እኛን ማስቀረቱን ተወችው። በዚያ ፈንታ ከሰዓት በኋላ ጥጥ እየፈተለች፣ ፊቷ አስቀምጣ እንቆቅልሽ ታጫውተን ጀመር።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!» አለ ታደለ።

«በር የሌለው ቤት?»

«እንቁላል!»

«አላውቅም በል።»

«አውቃለሁ እኮ!»

«ብታውቅም አታውቅም። እዚያ ስትሄድ አንተ ደደብ ነህ፣ ገባህ? አላውቅም ብለህ ሀገር ስጥ።»

ታደለ ከንፈሩን ጥሎ፣ «የኛን ሀገር ልስጥ?» ብሎ ጠየቀ።

የእናቴ እንዝርት ቆመ። «የኛንማ አትስጥ» አለች።

«ታዲያ የማንን?»

«የፈለግኸውን። የኛን ሀገር ብቻ አትስጥ።»

ከጥምቀት በኋላ፣ ሜዳው ሁሉ ደርቆ አቧራው በተነሣበት ወቅት፣ አንድ ቀን የሰፈሩ ነጭ አለቃ ትምህርት ቤቱን ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። መምህሩ ክብ አስቀምጦን ዓይኑን ሲያንከራትት ቆየና ታደለ ላይ አሳረፈው።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልዎ!»

«ማታ ሲመጣ ውሻ የማይጮህበት እንግዳ?»

እቤታችን ውስጥ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበር። ታደለ አፉን ከፈተ፤ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ከፊቱ አየሁት። ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም ወደ መሬት አየሁ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እርግጠኛ ነህ? ቀላል እኮ ነው።»

«አላውቅም።»

«በል እንግዲህ ሀገር ስጠኝ።»

ታደለ የራሳችንን እንዳይሰጥ ታዟል፤ ከራሳችን ውጭ በስሙ የሚያውቀው ሀገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ደረቱን ነፍቶ፣ ጠዋት ጠዋት እንደምንጮኸው ጮኾ፣ «ሮማን ሰጠሁዎ!» አለ።

ልጆቹ መሳቅ ጀምረው የመምህሩን ፊት ሲያዩ ዝም አሉ። አለቃው ከነገሩ ሁሉ «ሮማ» የሚለውን ብቻ ለይቶ ሰምቶ ኖሮ፣ ከበሩ ቀና ብሎ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀ። መምህሩ ጥቂት ዘገየ፣ ከዚያም አጭር ነገር መለሰለት። አለቃው ፊቱ ፈካ፣ መጥቶም ታደለን ጉንጩን መታ መታ አድርጎ ወጣ። መምህሩ ምን ብሎ እንደተረጎመለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሀገር እንደተቀበለ ሰውም አልፎከረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንቅልፍ ነው መልሱ፣ እንቅልፍ» አለና ወደ ቤታችን አሰናበተን።

እናቴ ነገሩን ከሁለታችንም ለየብቻ፣ ቃል በቃል ተቀበለች። ሮማ ላይ ስትደርስ በነጠላዋ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን እንባው ቀጠለ። «እንቅልፍ ነው ያለውን እንመን?» አለች ለራሷ። «ቢሆንስ? የኛን ውሻ ማን ነገረው?» በማግሥቱ ገበያ ወርዳ ለአንድ ዘመዳችን፣ «ወንድምህን በሬው እዚህ ውኃ አይጠጣ፣ ወንዙ ደፍርሷል በልልኝ» አለችው። ነገሩ ለአባቴ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። እኛ ወተቱን እየጠጣን ደደብ መሆናችንን ቀጠልን። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ አባቴ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ መጣ። ታደለ እደጅ ይጫወት ነበር፤ ወደ ውስጥ ሮጦ ገብቶ፣ «እናቴ፣ ሰው መጥቷል» አለ። አባቴ ይህን ሰምቶ ጥቂት ጊዜ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዱር ሲመለስ የደከመው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ስለ መምህሩ ብዙ አስቤአለሁ። የየሺን አጎት ያስያዘ እሱ ከሆነ፣ ያን ቀን ለአለቃው እውነቱን ለምን አልነገረውም? እሱ ካልሆነስ፣ ከእንቆቅልሽ ሁሉ መርጦ ያንን ለምን ጠየቀ? ታደለ «ሊያድነን ነው» ይላል፤ እናቴ «እንጃ» ትላለች፤ እኔ ከእናቴ ወገን ነኝ።

ባለፈው ዓመት አገሬ ስገባ፣ መንግሥታችን ቡሬ ላይ የሕፃናት ክፍል ከፍቶ፣ አባቴ ከተመለሰ በኋላ የተወለደችው ታናሽ እህቴ እዚያ መማር ጀምራ አገኘኋት። ክፍያ የለም፣ ዳቦ ይሰጣል። እናቴ ጠዋት ታደርሳትና ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ እስከ ቀትር ጥጥ ትፈትላለች።

«እናቴ፣ አሁን እኮ የራሳችን መንግሥት ነው» አልኳት።

«የራሳችን ከሆነ መስማቴን አይጠላማ።»

እውነትም መስማቷን የጠላ አልነበረም፤ አስተማሪዋ እንዲያውም መቀመጫ አውጥታላታለች። የዚያ ዘመኑን ትምህርት ቤት መስኮት ሳስበው ከጣሪያው ሥር ነበር፤ ብርሃን ይገባል እንጂ ከውጭ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማበትም። በክርክሩ ቀን «ይክፈት» ብዬ ተከራከርኩ፣ የምለውንም አምኜበት ነው፤ ድሃ ልጁን የሚያስተምርበት ጤፍ ሁልጊዜ አይኖረውም። ስጨርስ ግን መስኮቱ ዝቅ ተደርጎ እንዲሠራ ጨምሬ ለመንኩ። ጓደኞቼ ሳቁ፣ መምህሬም ፈገግ ብለው «ይህ የግንበኛ ጉዳይ ነው» አሉኝ፤ እኔም አክብሬ እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።