የአሪፋ አገር

ሞላልኝ ስቶክሆልም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አስተርጉሟል። ከደርግ እስር አምልጦ በመጣ በዓመቱ ነው የጀመረው። የሙያው ሕግ አጭር ነው፤ የተባለውን ተርጉም፣ ከራስህ አትጨምር።

እ.ኤ.አ. በ2004 መጋቢት ላይ የጥገኝነት መርማሪዋ ቢሮ ውስጥ ከአሪፋ ጎን ተቀመጠ። አሪፋ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ከወሎ፣ ከባቲ ወርደው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ ኖሩ፤ እሷም እዚያው ተወለደች። ያኔ አሰብ የኢትዮጵያ ነበረች።

መርማሪዋ ከየት አገር እንደመጣች ጠየቀች።

«አገርሽ የት ነው?» አለ ሞላልኝ።

«አሰብ።»

የእኛ ሰው አገሩን ሲጠየቅ የተወለደበትን ስፍራ ይጠራል። ሞላልኝ ይህን ያውቃል። «አሰብ» ብሎ ብቻ ተረጎመ። መርማሪዋ ካርታ አየችና «ኤርትራ» ብላ ጻፈች።

የአሰብን የባሕር ዳርቻ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የጣሊያን መርከብ ኩባንያ ከባላባቶች ገዛው። ከኩባንያው ኋላ የጣሊያን መንግሥት መጣ፤ ድንበር አሰመረ። ጣሊያን ሄደ፤ መስመሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ኤርትራ አሪፋን «ኢትዮጵያዊት ነሽ» ብላ አባረረቻት። አዲስ አበባ ስትደርስ ቀበሌው «አሰብ የተወለደ ኤርትራዊ ነው» ብሎ መታወቂያ ከለከላት።

ግንቦት ላይ አሪፋ ሞላልኝን በሚወርድበት በቮርቢ ጎርድ ባቡር ጣቢያ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ አቭስላግ መጣብኝ፤ ማመልከቻሽ ውድቅ ሆኗል፣ ወደ ኤርትራ ትመለሻለሽ ይላል።»

«ይግባኝ በያ።»

«ጠበቃው አስተርጓሚው ይጻፍልሽ አለኝ። እኔ የነገርኩዎት የተወለድኩበትን ከተማ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አፍዎን ማን ሰፋው?»

«ሕጉ ነዋ።»

«ሕጉ እርስዎን እንጀራ ያበላል። እኔን ከአውሮፕላን ስወርድ የሚቀበለኝ ያባረረኝ ወታደር ነው።»

በማግስቱ ለይግባኙ አንድ ገጽ ጻፈ። «አገር» በአማርኛ የመንግሥትም የትውልድ ስፍራም ስም እንደሆነ፣ ጥያቄውን ያሳሳተውም እሱ መሆኑን አመነ። ሥራ የሚሰጠው ድርጅት ከዚያ ወዲያ አልደወለለትም።

ደብዳቤው ግን ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ አስገኘ። በመስከረም ለአሪፋ ሌላ አስተርጓሚ ተመደበላት፤ ጠንቃቃ ልጅ ናት።

«የየትኛው መንግሥት ዜጋ ነሽ?» አለቻት።

አሪፋ ተዘጋጅታ ነበር። «የኢትዮጵያ።»

መርማሪዋ የመጋቢቱን ወረቀት ገለጠች። ያኔ አሰብ ብለሻል፤ አሁን ቃልሽን ለወጥሽ አለቻት። ውሳኔው በሦስት ሳምንት ደረሰ። አመልካቿ አትታመንም ይላል።

አሪፋ ለሞላልኝ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ስናገር ውሸታም አሉኝ። ወደ ኤርትራ ሊመልሱኝ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ቅረቢ ብለውኛል።»

«አብሬሽ እመጣለሁ።»

«ምን ሊያደርጉልኝ? ሊያስተረጉሙ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ ጣቢያው በር ላይ እስከ ቀትር ቆመ። አልመጣችም። ስልኳ አይሠራም። በባቡር ወደ ሮግስቬድ፣ ወደምትኖርበት ሕንፃ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች በተዘጋው በሯ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። አንደኛው ቀና ብሎ አየው። ሞላልኝ እዚያ እንደሚኖር ሰው ሰላምታ ሰጥቶ ወደ አራተኛው ፎቅ አለፈ። እስኪሄዱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

አልሄዱም።