አባቴ የቆጠቧት ፕላስቲክ

አባቴ የዳሌያቸው መገጣጠሚያ በብረት በተቀየረ ሰሞን፣ ሆስፒታል አጠገባቸው የተኙት ሽማግሌ «ብረቱስ ብረት ነው፤ መሐል ያለችው ፕላስቲክ ናት ተበልታ የምታልቀው። የኔ አልቃ ይኸው እንደገና ተቀደድኩ» አሏቸው። በቃ! ሽማግሌ የተናገረውን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማጣራት ነውር መሰለንና አልጠየቅንም። አባቴ ዘር እየቆጠቡ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ቡሬ እኔ ቤት ከገቡ ጀምሮ እርምጃ መቆጠብ ያዙ።

ገበያ መውጣት ቀረ። ቤተ ክርስቲያንም በባጃጅ ሆነ። እኔ ቁጡዋ ደግሞ ከሳቸው ባስኩ። ውኃ ሊቀዱ ብድግ ካሉ «ኧረ ይቀመጡ! ምን ጎደለብዎ?» እላለሁ። እኔ የማውቀው ፕላስቲክ ጓሮ ፀሐይ የሰነጠቀው ጀሪካን ነው፤ እንዴት ልመነው?

አምና እህታቸው ፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ ሞቱ። መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ረጅም ዳገት አለ። አባቴ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ለቀብር ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆምኩባቸው። «ያን ዳገት ወጥተው ፕላስቲኳን ሊጨርሷት ነው? እርምዎን እዚሁ ያውጡ!» አልኩ። ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም እሺ አሰኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ አፌን በቆረጠው።

ዘንድሮ ለምርመራ ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የድሮውንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰቀለ። ፕላስቲኳ ራሷ አትታይም፤ በብረቱ ኳስና ኳሱ በሚቀመጥበት ጽዋ መካከል ያለችው ጥቁር ክፍተት ናት። በማስመሪያ ለካ፣ ደግሞ ለካ። ክፍተቷ አልጠበበችም፣ ያው ናት። የሽማግሌውን ነገር ብንነግረው፣ የሳቸው የድሮው ዓይነት ኖራለች፤ የአባቴ ግን በጨረር ተመትታ፣ ውስጧ እንደ ሰርዶ ሥር እርስ በርሱ ተቆላልፎ የጠነከረች ናት አለን። አንድ ጣት የማትሞላ ነገር፣ ያን ሁሉ ሰውነት ተሸክማ፣ ንቅንቅ ሳትል! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሰው ይህን የሚያስብበት አእምሮ ተሰጠው? እግዚኦ!

«እንዲያውም የጎዳዎ መቀመጥዎ ነው፤ ጡንቻዎ ሟሟ» አላቸው ሐኪሙ። «ይሂዱባት እንጂ አባቴ፤ የተሠራችው ለመሄድ ነው።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አባቴ ያቺን ጥቁር ክፍተት ትክ ብለው አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያማ እህቴን ቀብሬ እመለስ ነበር» አሉ፣ ሳይቆጡ።