ጀርባዬን የሰጠሁት ሰንጠረዥ

ልጅ እያለሁ ከሁሉም ነገር ቀድሜ የተማርኩት ሳያዩ ማወቅን ነው። ከሚሴ፣ እኛ ሰፈር፣ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታችን በፊት ቁርአን እንቀራ ነበር። ሉህ በምንላት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሼኻችን በጥላሸት ቀለም ይጽፉልናል፤ እኛ እየተወዛወዝን በዜማ እንይዘዋለን። ከያዝነው በኋላ ሰሌዳችንን ለሳቸው ሰጥተን፣ ፊታችንን አዙረን እናሰማለን። በማሰማት መሀል ዓይኑን ወደ ሰሌዳው የላከ ልጅ አለቀለት። «የቀራው ዓይንህ ነው ልብህ?» ይሉታል ሼኹ። ያን ቀን ሰሌዳው ለአዲስ ትምህርት አይታጠብለትም፤ ነገም ከዚያው ላይ ነው የሚጀምረው። እኔ ሰሌዳዋ ቶሎ ቶሎ የሚታጠብላት ልጅ ነበርኩ። የእርጥቡ እንጨት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ለኔ የኩራት ሽታ እሱ ነው።

አንደኛ ክፍል ስገባ ሰማንያ ምናምን ልጆች በአንድ የጭቃ ክፍል ታጭቀን ነበር። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ትምህርቱ ቆሞ ይጠብቃል። አስተማሪያችን ቲቸር ረሂማ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ እግር ነበረች። ቆንጥጣን አታውቅም። አንድ ጠዋት የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራ፣ ነጩ ላይ በሰማያዊ ቀለም የመደመር ሰንጠረዥ ሠርታ መጣችና ግድግዳው ላይ በሚስማር መታችው። ከላይ ከአንድ እስከ አስር፣ በግራ በኩል ወደ ታች ከአንድ እስከ አስር፣ መሀሉ መቶ ቤት። ሙቀቱ ሲበረታ ማዳበሪያው ይሸት ነበር፤ ከፊት የተቀመጥን ልጆች አፍንጫችንን በሻርፕ እንይዝ ነበር።

እንዴት እንደሚነበብ ነግራን ይሆናል። መኪና ሲያልፍ ተናግራው ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ የሰማሁት ዜማውን ብቻ ነው። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነበር፤ እናቴ በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ በኦሮምኛ የምትጨርስ ሴት ስለነበረች ይሄ አልከበደኝም። «ቶኮፊ ቶኮ ለማ፣ ቶኮፊ ለማ ሰዲ» እያልን፣ ማለትም አንድና አንድ ሁለት፣ አንድና ሁለት ሦስት እያልን፣ ከላይኛው መስመር ጀምረን እስከ ታች እንጮኻለን። ቲቸር ረሂማ በማስመሪያ እየጠቆመች ትመራናለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ መቶውንም ያዝኩት፤ ልክ እንደ ሱራ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሰአዳ ግን ምንም አልያዘችም። ክፍሉ በሙሉ ሲጮኽ እሷ ዴስኩ ስር ጠጠሮቿን ዘርግታ ቅልልቦሽ ትጫወት ነበር። የምወዳት ጓደኛዬ ናት፤ ታናድደኝም ነበር።

«ዛሬም አልያዝሽም?»

«ምኑን?»

«ድምሩን ነዋ!»

«እዚያ ተሰቅሎ የለ እንዴ? የት ይሄዳል?»

ከዚያ አዲሱ ክፍል ተሠርቶ አለቀ። ብሎኬት ነው፤ መስኮቱ መስታወት አለው፤ ወለሉ ሊሾ ነው። ግማሾቻችን ከቲቸር ረሂማ ጋር ወደዚያ እንሄዳለን፣ ግማሾቻችን እዚሁ ጭቃው ክፍል ከሌላ መምህር ጋር እንቀራለን ተባለ። የሌላው መምህር እጅ ላይ ሁልጊዜ የውሃ ጎማ ቁራጭ አለች። ማን እንደሚሄድ የሚለየው ዳይሬክተሩ ነው፤ እየጠራ አንድ አንድ ድምር ይጠይቀናል። ያን ሰሞን እኔ የፈራሁት ለራሴ አልነበረም፤ ለሰአዳ ነበር። «አንቺ ሰነፍ፣ እዚህ ትቀሪያታለሽ!» እላታለሁ። እሷ ጠጠሯን ወደ ላይ እየወረወረች «ኸረ ተይኝ» ትለኛለች።

ቀኑ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ከበሩ ላይ «አሸም!» ብሎ ገባ፤ ሁላችንም ተነስተን «አሸም!» አልን። ተራዬ ሲደርስ ወደ ፊት ወጣሁ። ያኔ ያደረግኩትን ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ሼኹ ፊት እንደማደርገው ሰንጠረዡን በክብር ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ሻርፔን አስተካከልኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቶርባፊ ሰዴት?» አለኝ። ሰባትና ስምንት።

አውቀዋለሁ። ግን እኔ ዘንድ ሰባትና ስምንት ስልሳ ስምንተኛ ላይ ነው ያለው፤ ስልሳ ሰባቱን ሳያልፉ አይደረስም። ትንፋሼን ሳብኩና «ቶኮፊ ቶኮ ለማ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምንድነው የምትይው? ሰባትና ስምንት ነው ያልኩሽ!»

«እየመጣሁ ነው» አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዜማው ተቆረጠብኝ፤ ከተቆረጠ ደግሞ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ቲቸር ረሂማ ወደ ዳይሬክተሩ ጠጋ ብላ «ሁሉንም ታውቀዋለች፣ ወላሂ። ትንሽ ይታገሷት» ስትለው ሰማኋት። ለኔም «አብሽሪ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። እንደገና ከአንድና አንድ ተነሳሁ።

«ቲቸር፣ ሰማንያ ልጅ አለብኝ» አለ ዳይሬክተሩ። «ይቺ እስክትደርስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ይላል።» ትከሻዬን ይዞ በግራ በኩል፣ ከሚቀሩት ጋር አቆመኝ።

ቀጥሎ ሰአዳ ተጠራች። ለሷ የደረሳት ዘጠኝና ስድስት ነው። እሷ ፊቷን ወደ ማዳበሪያው አዞረች። አንዱን ጣቷን በግራ በኩል ካለው ዘጠኝ ላይ፣ ሌላውን ከላይ ካለው ስድስት ላይ አደረገች። አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች ተንሸራተቱ፤ ሁለቱ ጣቶች አንድ ቤት ላይ ሲገናኙ «ኩዻ ሸን» አለች። አስራ አምስት።

«አየች!» ብዬ ጮህኩ። «ቲቸር፣ ወላሂ አየች!»

ዳይሬክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ታዲያ የተሰቀለው ለምን ይመስልሻል?»

ግድግዳውን ተደግፌ ከመጀመሪያው አንስቼ በሹክሹክታ ሄድኩበት። ሰባትና ስምንት ደርሼ «ኩዻ ሸን» ስል ሌሎች ሦስት ልጆች ተጠይቀው አልፈው ነበር። ማንም አልሰማኝም።

ሰአዳ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ነይ እንጂ!» አለችኝ።

«አልተጠራሁም።»

«ኸረ ቀልድ ተዪ። አንቺ እኮ ነሽ የምታውቂው!»

እየሳቀችብኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከልቧ ነበር። ቲቸር ረሂማ በመስኮቱ በኩል አንዴ ዞራ አየችኝና ሌሎቹን እየነዳች ሄደች።

ማዳበሪያው እኛ ዘንድ ቀረ። ለአዲሱ ክፍል በካርቶን አዲስ ተሠርቶለታል አሉ። በንዴት፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ሁለት ጣቴን አድርጌ ሞከርኩ፤ ተገናኙ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ሁሌም ይገናኛሉ። ከዚያ ሰአዳም ያላየችውን አየሁ። አስራ አምስቶቹ ስድስት ናቸው፤ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ፣ እንደ ደረጃ ተደርድረው ይወርዳሉ። የኔ ሰባትና ስምንት እዚያ ላይ አለ፤ የሷ ዘጠኝና ስድስት ከኔው ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ እዚያው ላይ አለ። ሰባትና ስምንትን፣ ስምንትና ሰባትን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። መቶ ብዬ የለፋሁበት ግማሹ መልሶ ያው ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው?

እሱንም አልጠገብኩትም። በሳምንቱ ነፋስ መስኮታችንን ነቀለውና ባለ ጎማው መምህር ማዳበሪያውን አውርዶ ቀዳዳውን ደፈነበት። ቁጥሮቹን ወደ ውጭ አድርጎ። ለኛ የሚታየን የማዳበሪያው የፋብሪካ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ከውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ መስኮት ላይ ጣቴን አንሸራትታለሁ። የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩኛል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ጠፋሽ?» ብላኛለች። አንድ ወር ያህል እንዲህ ቆየሁና፣ አሁን ይጠይቀኝ፣ በማንኛውም ሰዓት ይጠይቀኝ ብዬ ክፍል ውስጥ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። አልጠየቀኝም። እሱ ወደ መቀነስ አልፎ ነበር።

ያናደደኝ አለማወቄ ቢሆን እስካሁን እረሳው ነበር። መቶውንም አውቄ መቅረቴ ነው የማይወጣልኝ። ሼኹ አልተሳሳቱም፤ ቲቸር ረሂማም ሰማንያ ልጅ ይዛ የቻለችውን አድርጋለች፤ ዳይሬክተሩም የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ማንንም ልወቅስ ስነሳ እጄ ባዶ ይቀራል። አንድ ሰው ብቻ ትከሻዬን ይዞ ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ኋላ ቢያዞረኝ ኖሮ እላለሁ። ግማሽ ዙር ነበር የቀረኝ።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ሐያት አንደኛ ክፍል ናት። ሰንጠረዟ መጽሐፏ ላይ በቀለም ታትሟል፤ እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ቀለም አለው። ክፍሏ ውስጥ የሚጮኽ የለም። ስልክ ላይ ድምሩን ነክታ ማግኘት እንደምትችልም ታውቃለች፤ ግን ጣቷን ማንሸራተት ትወዳለች። ጠዋት ጠዋት እንደኛው ቁርአን ትቀራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይኗን ገልጣ ትደምራለች፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጭቶባት አያውቅም። ልቀናባት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን እቀናለሁ።

ባለፈው መጽሐፏን ጭኔ ላይ ዘርግታ ልትፈትነኝ ተቀመጠች። «ስምንትና ስድስት?» አለችኝ። እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ቤቶቹ ፊቴ ናቸው፤ ዓይኔም ክፍት ነው። ከንፈሬ ግን አልጠበቀኝም። ሐያት ሁለት ጣቶቿን አስራ አራት ላይ አገናኝታ፣ ቀና ብላ አፌን ታያለች። እኔ ገና ሁለትና አምስት ላይ ነበርኩ።