ሰም የቀባኋቸው እንቁላሎች

በየዓመቱ ስለ ሽል የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ይላል። ንፋስ መውጫ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዶሮ ካቀፈቻቸው እንቁላሎች አንዱን ወስጄ፣ ቅርፊቱን በወረንጦ ጥቂት በጥቂት ገልጬ፣ ውስጡ ያለውን ለተማሪዎች አሳያለሁ። ዓይን ይታያል፤ ልብ ይመታል። ከሆዱ ደግሞ ደም ሥር የተዘረጋበት ስስ ከረጢት ይወጣል። ስሙ አላንቶይስ ነው። ሲጀመር ሽሉ ሽንቱን የሚያጠራቅምበት ትንሽ ፊኛ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱ ሥር ይለጠፍና በቅርፊቱ ደቃቅ ቀዳዳዎች አየር ይስባል። ጫጩቱ ሳንባው ሥራ እስኪጀምር የሚተነፍሰው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?» ይሉኛል። ይወጣል እላቸዋለሁ፣ በቁጣ።

ያደግኩት ስማዳ፣ ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ክረምት፣ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዶሯችንም መደብ ሥር፣ ጭድ ላይ፣ አሥራ አንድ እንቁላል አቅፋ ነበር። እናቴ ማጎንበስ ስለከበዳት እንቁላሎቹን አደራ የሰጠችው ለእኔ ነው። በእኛ አገር ክረምት ላይ ያቀፈች ዶሮ ሥር ብረት ይደረጋል፤ ነጎድጓድ እንቁላሉን ያበላሻል ይባላላ። የእኛ ብረት የማረሻ ስባሪ ነበር። መኖሩን ለማረጋገጥ በቀን ስንቴ እጄን እሰድ እንደነበር እኔና ዶሮዋ ነን የምናውቀው።

ዶሮዋ ባቀፈች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። እጄን ሰደድኩ፤ ብረቱ የለም። ጭዱን ሁሉ በረበርኩ፤ የለም። ነጎድጓዱ ቤቱን አናወጠው። እናቴ ጓዳ ጋደም ብላለች፤ ልቀሰቅሳት አሰብኩና ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት። አባቴ ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ደብር የተማሩ ቄስ ነበሩ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩበት ሰም ምድጃው ዳር ቀልጦ ተቀምጧል። ሰም የተቀባ ቅል ውሃ እንደማያሳልፍ አውቃለሁ። ውሃ ካላሳለፈ ነጎድጓድስ በየት ይገባል? ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰም ነው። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ፣ በስሱ ቀብቼ መለስኳቸው። ዶሮዋ እጄን ነቆረችኝ። እኔ ግን በራሴ ኮራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ፤ ሃያ አምስተኛውም። ከመደቡ ሥር ሽታ መጣ። እናቴ ዓይኗን ሳታሳርፍባቸው «ወስደሽ ገደል ጣይልኝ» አለችኝ። አፋፉ ላይ አንዱን በድንጋይ ሰበርኩት። ላባ ማብቀል የጀመረ ጫጩት አንገቱን ደረቱ ውስጥ ቀብሯል። ሌላ አልሰበርኩም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ወለደች። ወንድሜ አላለቀሰም። ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልተቀበረም። ለስንቱ ፍትሐት ያደረሱት አባቴ የገዛ ልጃቸውን ያለ ፍትሐት፣ ከጓሯችን ጌሾ ሥር ቀበሩት። ስለ እንቁላሎቹ ማንም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ምን ደብቆ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አስተማሪያችን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግድም አላንቶይሱ የቅርፊቱን ውስጥ ዙሪያውን ሸፍኖ እንደሚጨርስ፣ ያኔ ቅርፊቱ ሰም ቢቀባ ሽሉ ታፍኖ እንደሚሞት ሲናገር እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ነጎድጓድ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ የሚመጣብኝ እንደ ጫጩቱ ሆኖ ነው፤ አንገቱን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ። እንቁላሉና ሕፃኑ እንደማይገናኙ አሳምሬ አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላሳረፈኝም።

አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴን ንፋስ መውጫ አመጣኋት። ዘንድሮ ለትምህርቱ ቤቴ ውስጥ ዶሮ አስታቅፌ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ዶሮዋ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት።

«ብረት አላደረግሽበትም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ነጎድጓድ እኮ እንቁላል አያበላሽም።»

«ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች። «ያን ክረምት የማረሻውን ስባሪ ለጎረቤታችን ያዋስኳት እኔ ነኝ። የሷም ዶሮ አቅፋ ነበር፤ ለአንድ ቀን ብላ ለመነችኝ፤ ግቢና ውሰጂ አልኳት። የሷ ተፈለፈለ፣ የኔ አለቀ። ሕፃኑም ተከተለ። የዶሮዋን ያልጠበቅሁ የራሴን ማን ይጠብቅልኛል?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሙን፣ ገደሉን፣ ያየሁትን ጫጩት። የስልኬን መብራት አብርቼ ከአንዱ እንቁላል ጋር አስጠጋሁና ደም ሥሮቹን አሳየኋት። መተንፈሻው ይኸውልሽ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ብረቱ የለበትም አልኳት። በሰው ልጅም ይኸው ከረጢት ለእትብቱ ደም ሥሮች መነሻ ይሆናል፤ የወንድሜ ልብ ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ ምክንያቱ ግን አንቺ አይደለሽም አልኳት። ይህን ስትሰማ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር።

እንቁላሉን ተቀብላ በመዳፏ ያዘች። በብርሃኑ ውስጥ ሽሉ ተንቀሳቀሰ።

«ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ?»

«ፈራሁ እማዬ።»

«እኔም ፈራሁ» አለች፣ እንቁላሉን ቀስ ብላ ዶሮዋ ሥር እየመለሰች። «ሌላ ፀንሼ እሱንም እንዳልገድል ፈራሁ። እህት ውለጂልኝ እያልሽ ስታለቅሺ፣ አባትሽም ሲማጠኑኝ፣ እምቢ ያልኩት በዚያ ብረት ሰበብ ነው።»

ያፈንኩት አሥራ አንዱን ብቻ መስሎኝ ነበር።