በሞቴ አትነሳ

እኛ ቤት እንግዳን ተቀምጦ መቀበል ነውር ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቢቸና ገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናውን እየረገጠ እንኳ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ብቅ ካለ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ትቶ ይነሳል። «ኖር!» ይላል። «በእግዜር! ኧረ በሞቴ አይነሱ!» ይባላል። በሞቴ የሚባለው እሱ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ነው። አይነሱ ብሎ የሚለምነውም ቢሆን ልመናው እንዲሰማለት አይፈልግም፤ እውነት ብሎ የተቀመጠበትን ሰው ይቀየመዋል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ተነስተን «እደጉ» እስክንባል ቆመን እንጠብቃለን። በልጅነቴ ይህ ሁሉ ቁጭ ብድግ ያናድደኝ ነበር። እንግዳ በበዛበት ቀን ምሳዬ ሳልጨርሰው ይቀዘቅዝ ነበር።

ሞጣ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ አባቴን በሽታ ግማሽ አካሉን ያዘው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ፣ ጎረቤት ምች ነው አለ። ስሙ ምንም ይሁን ምን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ላስታምመው ወደ ቤት ተመለስኩ።

እሱን ማንሳት የእናቴና የእኔ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ላይ «ብድግ!» እል ነበር፤ ፊቱን አዞረብኝ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ እየተባለ የሚነሳው ሕፃንና ጆንያ ነው። እናቴ ዘዴ አበጀች። በብብቱ ሥር ገብታ «በሉ እንነሳ» ትለዋለች፣ ሦስታችንም የተቀመጥን ይመስል።

«እናንተማ... ቆማችኋል» አላት አንድ ቀን።

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እናቴ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ጠያቂ አልጠፋም። የንስሐ አባቱ መጥተው መስቀል አሳለሙት፣ የገበያ ወዳጆቹም እየተፈራረቁ መጡ። ሲገቡም ሲወጡም «እግዜር ያንሳዎት» ይሉታል። ጥሩ ምርቃት ነው፣ አሜን ብለናል። «በሞቴ አይነሱ» የሚለው ግን ቀረ። መነሳት የማይችልን ሰው አትነሳ ማለት ማሾፍ እንዳይሆንባቸው ፈርተው ነው፤ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን አልለውም። እነሱ በጨዋነት ሲተዉት እሱ አንገቱን ይደፋል። ገብተው፣ አጠገቡ አልፈው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ምን ላድርግ? በር ላይ ቆሜ እንግዳውን ሁሉ «እባክዎ፣ አይነሱ ይበሉልኝ» ልበል?

ሞጣ የምትኖር ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ዓይኗ በሞራ ተጋርዷል፤ ብርሃንና ጥላ ካልሆነ ብዙም አትለይ። ክፉ ወሬ ለሽማግሌ በአንድ ጊዜ አይነገርምና «ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» ተብሎ ነው የተነገራት። ከተሻለውማ አይቼው ልምጣ ብላ ማንንም ሳታማክር አውቶቡስ ተሳፈረች።

መንገድ መጀመሯ በስልክ ሲነገረን አባቴ ሰማ። «ቆሜ... ታግኘኝ» አለ።

ሌላ ነገር አልተናገረም። ተቀምጦ ከጠበቃት ስትገባ መነሳት ሊኖርበት ነው። ቆሞ ካገኘችው ግን ተሳስመው አብረው ይቀመጣሉ፤ እሷም ወንድሜ ደህና ነው ብላ ወደ ሞጣ ትመለሳለች። ያቺን ብቻ ነበር የፈለጋት።

ጋቢ አለበስነው። አውቶቡሱ ይደርሳል በተባለበት ሰዓት ግራና ቀኝ ሆነን አቆምነውና ግድግዳ አስደገፍነው። አውቶቡሱ ለካ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ተንፍሶበት ቆሟል። ጠበቅን። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። እናቴ «ትንሽ ይረፉ» ስትለው ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ እግሩ ከዳውና ወንበሩ ላይ አሳረፍነው። ትንፋሹ ሳይመለስ የግቢው በር ተንኳኳ።

ከመናኸሪያ የተቀበለቻት ጎረቤት እጇን ይዛ አስገባቻት።

«ኖር!» አልን እናቴና እኔ።

«በእግዜር! እደጊ ልጄ፣ እደጊ» አለች። ከዚያ የጋቢው ንጣት ታይቷት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ወንበሩ አዞረች። «አንተ! በሞቴ አትነሳ! አፈር ስሆን እንዳትነሳ!»

የአባቴ ፊት በራ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ብሎ የለመነው ሰው አልነበረም። ግራ እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ ተከለና መነሳት ጀመረ። ልይዘው እጄን ስሰድ በዓይኑ ከለከለኝ። ከደገፍኩት በራሱ አልተነሳም ማለት ነው፣ ካልደገፍኩት ይወድቃል። ከወንበሩ ጥቂት ከፍ አለ። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራተተ፣ ክንዱ ይርገፈገፋል። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሞጣ ላይ ክፍል ሙሉ ተማሪ ተነሱ፣ ተቀመጡ የምል ሰው፣ አባቴን ማንሳትም መተውም አቅቶኝ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ክንዱ ታጠፈ። ተመልሶ ተቀመጠ።

አክስቴ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። በዳበሳ መጥታ ራሱን አቅፋ ሳመችው፣ ደጋግማ ሳመችው።

«እሰይ የኔ ወንድም!» አለች ደስ ብሏት። «ዕድሜ ልክህን እምቢ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ እንኳ ሰማኸኝ።»

አባቴ ምላሱን እየጎተተ «ሰማሁሽ... እታለም» አላት።